ስድስት ሳምንት በዶርም

እ.ኤ.አ. በ1928 መስከረም ላይ አንድ የሃያ ዓመት ወጣት ኮቱላ በምትባል የደቡብ ቴክሳስ ከተማ አስተማሪ ሆኖ ተቀጠረ። እሱ ራሱ የመምህራን ኮሌጁን ገና አልጨረሰም። የሚከፍለው ቢያጣ ትምህርቱን አቋርጦ ገንዘብ ሊያጠራቅም ነው የመጣው። የደረሰው ትምህርት ቤት ዌልሃውዘን ይባላል፤ የሜክሲኮ ተወላጆች ልጆች ለብቻቸው ተለይተው የሚማሩበት ነበር። ልጆቹ ብዙ ጊዜ ቁርስ ሳይቀምሱ ነው የሚመጡት። የመጫወቻ ዕቃ የሚባል ነገር በግቢው የለም።

ወጣቱ በመጀመሪያ ደመወዙ የመጫወቻ ዕቃ ገዛላቸው። የንግግርና የክርክር ውድድር አቋቋመ። የጽዳት ሠራተኛው እንግሊዝኛ መማር እንደሚፈልግ ሲያውቅ መጽሐፍ ገዛለትና፣ ከትምህርት በፊትና በኋላ ደጃፉ ደረጃ ላይ አብሮት እየተቀመጠ ያስተምረው ጀመር። ዓመቱ ሲያልቅ ወጣቱ ወደ ኮሌጁ ተመለሰ። ልጆቹ ግን እዚያው ቀሩ። ኮሌጅ ለእነሱ የተዘጋ በር ነበር፤ የዘጋውም ድህነታቸው ነው። አስተማሪያቸው ሊንደን ጆንሰን ይባላል። ይህንን ዓመት ዕድሜ ልኩን ሲያነሳው ኖረ።

ዓመታቱንና ወራቱን ሁሉ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ነው የምተርከው።

በ1954 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጥቁርና ነጭ ልጆችን በትምህርት ቤት መለየት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ወሰነ። ጥናቱ ለዚህ ውሳኔ ማስረጃ የሆነለት የሥነ ልቦና ምሁር ኬኔት ክላርክ የኒው ዮርክ ሰው ነው። ችግሩ የደቡብ ብቻ አይደለም፣ እዚሁ ሃርለም ያሉ ትምህርት ቤቶችንም እዩ እያለ ይወተውት ነበር። የከተማው የትምህርት ቦርድም አየ። በ1956 በምዕራብ ሃርለም በሚገኘው 43ኛ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድ ሙከራ ተጀመረ። ተማሪዎቹ አብዛኞቹ ጥቁሮችና ፖርቶሪካውያን ናቸው። እስከዚያ ድረስ ፈተና ላይ ዝቅተኛ ነጥብ ያመጣ ልጅ ችሎታው ያው ነው ተብሎ ይታለፍ ነበር። የሙከራው አዘጋጆች ጥያቄውን ገለበጡት፤ ነጥቡ ያላሳየው ችሎታ የትኛው ልጅ ላይ አለ ብለው መፈለግ ጀመሩ።

ከዚያ ያደረጉት ቀላል ነገር ነው፤ ግን ብዙ ነው። አማካሪዎች ጨመሩ። በንባብና በሒሳብ የደከመውን በትንንሽ ቡድን ለዩት። ወላጆችን እየጠሩ አነጋገሩ። ልጆቹን ወደ ቴአትር፣ ወደ ኦፔራ፣ ወደ ሙዚየምና ወደ ኮሌጅ ግቢዎች ወሰዷቸው። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ኦፔራ ምን ያደርግለታል የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ ግን ይገባኛል። ከቤቱ በባቡር ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ርቀት ያለን አዳራሽ ደጃፍ ዕድሜውን ሙሉ ሳያየው ለኖረ ልጅ፣ ትኬት ይዞ ገብቶ ወንበር ላይ መቀመጥ ትልቅ ትምህርት ነው። ከተማው የእሱም መሆኑን በሥጋው ያውቀዋል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከእነዚህ ልጆች ሁለተኛ ደረጃን የጨረሱት ከቀዳሚዎቻቸው በጣም በለጡ፤ ወደ ከፍተኛ ትምህርት የገቡትም በእጥፍ ድርብ ጨመሩ።

ኒው ዮርክ በውጤቱ ተደሰተችና በ1959 ሙከራውን «ሃየር ሆራይዘንስ» ብላ አሰፋችው። በመጀመሪያው ዓመት 12,000 ያህል ተማሪዎች ታቀፉ። በ1962 ቁጥሩ ከ60,000 አልፎ ነበር። ገንዘቡ ግን በዚያው ልክ አላደገም። እንግዳ ሲበዛ ወጡ ላይ ውኃ እንደሚጨመረው ሆነ። በ43ኛው ትምህርት ቤት ለአንድ ልጅ ይወጣ የነበረው ወጪ ወደ ሩብ አካባቢ ወረደ። አንዱ አማካሪ ስንቱን ልጅ በስሙ ሊያውቅ ይችላል? በ60ዎቹ አጋማሽ ግምገማ ሲደረግ የፕሮግራሙ ተማሪዎች ከሌሎቹ እምብዛም አይለዩም ተባለ፣ ፕሮግራሙም ከሰመ። ይህ ስህተት በትምህርት ሥራ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተደገመ ሳስብ ያንገበግበኛል። አንድ ነገር ይሠራል፣ ስለሠራ ይስፋፋል፣ ሲስፋፋ እንዲሠራ ያደረገው ነገር ይቀነሳል፣ ከዚያ «ድሮም አይሠራም ነበር» ይባላል።

የኮቱላው አስተማሪ በኅዳር 1963 የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ሆኑ። በነሐሴ 1964 በድህነት ላይ ያወጁትን ዘመቻ ሕግ ፈረሙ። ዘመቻውን የሚመራው መሥሪያ ቤት ለሳርጀንት ሽራይቨር ተሰጠ። ሽራይቨር ለእኛም እንግዳ አይደሉም። በ1962 ወደ 300 የሚጠጉ ወጣት መምህራንን ወደ ኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የላከውን የሰላም ጓድ (ፒስ ኮር) ያቋቋሙት እሳቸው ናቸው። የዚያ ዘመን ተማሪ የነበሩ አባቶችና እናቶች ፒስ ኮር ሆኖ ያስተማራቸውን ሰው ስም ዛሬም ይጠራሉ። ሽራይቨር ሁለቱን መሥሪያ ቤቶች ለተወሰነ ጊዜ ጎን ለጎን መሩ።

በ1965 ሰመር፣ ትምህርት ቤት በተዘጋበት ጊዜ፣ 17 ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች በራቸውን ለ2,061 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከፈቱ። ከመካከላቸው ሃዋርድ፣ ፊስክና ሞርሃውስ ይገኙበታል። ፕሮግራሙ «አፕዋርድ ባውንድ» ተባለ፤ ወደ ላይ የሚያቀና፣ ጉዞው ወደ ላይ የሆነ ማለት ነው። የመጀመሪያው ብሔራዊ ኃላፊ ሪቻርድ ፍሮስት በኦሪገን ከሚገኘው ሪድ ኮሌጅ የመጡ የፖለቲካ ሳይንስ መምህር ነበሩ። የሚፈለገው ልጅ አስተማሪዎቹ «ይኼ እንኳ ለኮሌጅ የሚሆን አይደለም» ያሉት ነው። ውጤቱ መካከለኛ ወይም ከዚያ በታች የሆነ፣ ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ፣ ግን አንድ ሰው ዓይኑ ውስጥ የሆነ ነገር ያየበት ልጅ።

ነገሩን በቅርብ ለማየት አንዲት የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ብናስብ ይበቃል። ሰኔ ላይ በሻንጣ ፈንታ በፌስታል ልብሷን ይዛ ግቢው ውስጥ ትወርዳለች። ስሟ ከዝርዝር ተፈልጎ ቁልፍ ይሰጣታል። ከእህቶቿ ጋር አንድ አልጋ ስትጋራ ላደገች ልጅ ቁልፉ ራሱ ወግ ነው። ጠዋት ሒሳብና ድርሰት፣ ከሰዓት ላቦራቶሪ ወይም ቴአትር፣ ማታ ጥናት። በዚያው ፎቅ አብራት የምታድር አንዲት የኮሌጅ ተማሪ አለች፤ አማካሪዋ ነች። ልጅቱ የምታያት ለሦስት ሰዓት ክፍል ውስጥ አይደለም። ጥርሷን ስትቦርሽ፣ ፈተና ሲያስጨንቃት፣ ቤተሰቦቿ ጋ ስትደውል ታያታለች። ከእሷው ሰፈር የመጣች፣ እንደ እሷው የምትናገር ናት። ስድስት ሳምንቱ ሲያልቅ ልጅቱ ወደ ቤቷ ትመለሳለች፤ ግን ዓመቱን ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ትምህርት አለ፣ በሚቀጥለው ሰመርም ዶርሙ ይጠብቃታል። በመጨረሻም «ኮሌጅ ልግባ ይሆን?» የሚለው ጥያቄ ሳይታወቃት «የትኛው ልግባ?» ወደሚል ይለወጣል። እኛም አገር ካምፓስ የገባ ሰው የመጀመሪያዋን የዶርም ሌሊት አይረሳትም። አፕዋርድ ባውንድ ያደረገው ያቺን ሌሊት በሦስት ዓመት ቀድሞ ማምጣት ነው።

በዚያው ዓመት ኅዳር 8 ቀን ፕሬዚዳንት ጆንሰን የከፍተኛ ትምህርት ሕጉን ሊፈርሙ ወደ ሳን ማርኮስ፣ ወደ ተማሩበት ኮሌጅ ሄዱ። በንግግራቸው የዌልሃውዘንን ልጆች አነሱ። ፊታቸውን መቼም እንደማይረሱት፣ ለነዚያ ልጆች ኮሌጅ በድህነት ምክንያት የተዘጋ መሆኑን ያኔ ሲገነዘቡ የተሰማቸው ሕመም እስካሁን እንዳለ ተናገሩ። በዓመቱ ኮቱላ ድረስ ተመልሰው ያንኑ ትምህርት ቤት ጎበኙ። የቬትናም ጦርነት ስማቸውን እስከ ዛሬ አክብዶታል፤ ያም ፍርድ ተገቢ ነው። ይህኛው ሥራቸው ግን ከልባቸው የወጣ ለመሆኑ ጥርጥር የለኝም።

በ1966 ተሳታፊዎቹ ኮሌጆች ከ200 በለጡ፤ ተማሪዎቹም 20,000 ገደማ ደረሱ። በ1968 በሚልዋኪ ከተማ፣ ሊንከን በሚባል ትምህርት ቤት ካፌቴሪያ ውስጥ ሁልጊዜ መጽሐፍ ይዛ የምትታይ አንዲት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ የአንድ መምህር ዓይን ውስጥ ገባች። መምህሩ ለአፕዋርድ ባውንድ ጠቆማት። በከተማው ዳር ወዳለ የሀብታሞች ትምህርት ቤትም ተዛወረች። ኦፕራ ዊንፍሬይ ናት። በኋላ እንደተናገረችው፣ ወደዚያ በምትሳፈርበት አውቶቡስ ውስጥ አብረዋት የሚሄዱት ጥቁሮች በክፍል ጓደኞቿ ቤት የሚሠሩ ሴቶች ነበሩ። ተመሳሳይ መንገድ፣ ተመሳሳይ ሰዓት፣ አንዷ ወደ ክፍል፣ ሌሎቹ ወደ ማዕድ ቤት። ምኞት ሲሰፋ አብሮት የሚመጣ ሐዘን አለ፤ የፕሮግራሙ ሪፖርቶች ይህንን አይጽፉትም።

በ1969 ፕሮግራሙ ከድህነት ዘመቻው መሥሪያ ቤት ወጥቶ ወደ ፌዴራሉ የትምህርት ቢሮ ተዛወረ። ከሁለት እህት ፕሮግራሞች ጋር ተደምሮ «ትሪዮ» ይባል ጀመር። ስሙ በኋላ አምስትና ከዚያ በላይ ሲሆኑም አልተቀየረም። የ70ዎቹን ዓመታት በዝርዝር አልተርክም፤ ሥራው ጸጥ ብሎ የቀጠለበት ጊዜ ነው። ነገር ግን በዚያው ዘመን በሚልዋኪ ማርኬት ዩኒቨርሲቲ ፕሮግራሙን ይመሩ የነበሩት አርኖልድ ሚቸም በኋላ ትልቅ ለውጥ ያመጣ ሐሳብ ይዘው ይሟገቱ ነበር። ልጁን ከኮሌጅ የሚያርቀው ድህነት ብቻ አይደለም፤ ቤት ውስጥ መንገዱን የሚያውቅ ሰው አለመኖሩም ነው ይላሉ። ማመልከቻ መቼ እንደሚሞላ፣ የገንዘብ ድጋፍ ከማን እንደሚጠየቅ፣ «ዲን» ማለት ምን እንደሆነ የሚነግረው የለም። በ1980 ሕጉ ሲሻሻል «የመጀመሪያ ትውልድ ተማሪ» የሚለው ትርጉም ገባ፤ ወላጆቹ የመጀመሪያ ዲግሪ የሌላቸው ልጅ ማለት ነው። በዚህ መለኪያ የአፓላቺያ ነጭ ልጅም፣ የዲትሮይት ጥቁር ልጅም፣ የካሊፎርኒያ ወዛደር ልጅም በአንድ መዝገብ ገቡ።

በዚያው በ1980 የወጣው የስደተኞች ሕግ ደግሞ ለብዙ ኢትዮጵያውያን የአሜሪካን በር ከፈተ። ሁለቱ ሕጎች አይተዋወቁም ነበር። ልጆች ሲወለዱና ሲያድጉ ግን በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሲያትልና በሚኒያፖሊስ ወጥ ቤት ጠረጴዛዎች ላይ ተገናኙ። ልጁ ቅጹን ዘርግቶ ይጠይቃል፤ «እማዬ፣ አንቺ ኮሌጅ ጨርሰሻል?» እናት እጇን በሽርጧ እያደረቀች «ስምንተኛን ነው የጨረስኩት፣ ከዚያ ሱዳን ገባን» ትላለች። ሳጥኑ ላይ ምልክት ይደረጋል። በሌላ ቤት ያለው አባት ደግሞ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዲግሪ አለው፤ ሌሊት ታክሲ ይነዳል። ልጁ በገቢያቸው ማነስ እንጂ በትውልድ መለኪያው አይገባም። አባትየው ግን የአሜሪካን ኮሌጅ ማመልከቻ በተመለከተ ከስምንተኛ ክፍሏ እናት የተሻለ የሚያውቀው ነገር የለም። ሕግ ይህን የመሰለውን ነገር መለካት ይከብደዋል።

በ80ዎቹ መጀመሪያ የሬገን አስተዳደር በጀቱን በብርቱ ሊቀንስ ሲነሳ ሚቸምና ባልደረቦቻቸው በ1981 ብሔራዊ ማኅበር አቋቁመው ተከላከሉ። ከፕሮግራሙ የወጡትን ሰዎች ወደ ምክር ቤት እየወሰዱ አስመሰከሩ። በዚያ ዘመን በሮድ አይላንድ፣ በሴንትራል ፎልስ፣ በከፋ ድህነት ያደገች ቫዮላ ዴቪስ የምትባል ልጅ በአፕዋርድ ባውንድ በኩል አልፋ ሮድ አይላንድ ኮሌጅ ገብታ ነበር፤ በ2017 ኦስካር ተሸለመች። በካሊፎርኒያ ደግሞ ሆዜ ኸርናንዴዝ የሚባል፣ ከወላጆቹ ጋር ሰብል እየተከተለ ከእርሻ እርሻ ሲዞር ያደገ ልጅ ነበር። የሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻ ዓመቱ ላይ፣ በስቶክተን አቅራቢያ የቀይ ሥር ዘመድ የሆነውን ሹገር ቢት ሲኮተኩት፣ በትንሽ ራዲዮ አንድ ዜና ሰማ፤ ትውልደ ኮስታሪካዊው ፍራንክሊን ቻንግ ዲያዝ ጠፈርተኛ ሆኖ ተመርጧል። መኮትኮቻውን እንደያዘ እኔም እሆናለሁ አለ። እሱም የአፕዋርድ ባውንድ ልጅ ነው።

የስኬት ታሪኮቹ ብዛት ለመንግሥት አልበቃም፤ ሊበቃም አይገባም ነበር። የትምህርት መሥሪያ ቤቱ ከ1992 ጀምሮ ማቴማቲካ ለሚባል የጥናት ድርጅት ትልቅ ግምገማ ሰጠ። በ67 ፕሮጀክቶች ከተመዘገቡ 2,800 ገደማ ተማሪዎች መካከል በዕጣ ግማሹን ያህል አስገቡ፣ የቀሩትን መለሱ። ከዚያ ለዓመታት ሁለቱንም ተከታተሉ። ለሳይንሱ ይህ ከሁሉ የተሻለ መንገድ ነው። ግን ዕጣ ያልወጣለት ልጅ አለ። ቅጹን ሞልቷል፣ ድርሰቱን ጽፏል፣ ቃለ መጠይቅ ተደርጎለታል፣ ስለ ዶርሙ አልሞ ይሆናል። አትገባም ይባላል።

ውጤቱ በተከታታይ ሪፖርቶች ወጣ፤ የመጨረሻው በጥር 2009። በአማካይ ሲታይ ፕሮግራሙ ወደ ከፍተኛ ትምህርት የገቡትን ቁጥር ይህን ያህል አልጨመረም ይላል። ተቺዎች ወዲያው ተነሱ። ከተገመገሙት ፕሮጀክቶች አንዱ ብቻውን የውጤቱን ሩብ ያህል ክብደት ተሸክሟል፤ ዕጣ ያልወጣላቸውም ብዙዎቹ ሌላ ተመሳሳይ ፕሮግራም አግኝተዋል አሉ። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም።

እኔን ግን እንቅልፍ የሚነሳኝ በዚያ ጥናት ውስጥ ያለ ሌላ ግኝት ነው። ተማሪዎቹ ከመግባታቸው በፊት «ትምህርትህን እስከ የት እገፋለሁ ብለህ ትጠብቃለህ?» ተብለው ተጠይቀው ነበር። አብዛኞቹ ዲግሪ እይዛለሁ ብለዋል፤ ለእነሱ ፕሮግራሙ ብዙም ለውጥ አላመጣም። ዲግሪ ይኖረኛል ብለው ያልጠበቁት ጥቂቶች ግን ሌላ ታሪክ አላቸው። በ2004ቱ ሪፖርት መሠረት ከእነሱ መካከል የአራት ዓመት ኮሌጅ የገቡት ፕሮግራሙን ካላገኙት አቻዎቻቸው በእጥፍ በለጡ። ስለዚህ ዶርሙ ከሁሉ በላይ የጠቀመው ቀድሞ ያላለመውን ልጅ ነው። ያ ልጅ ደግሞ በራሱ ፈቃድ ማመልከቻ ላይ ስሙን የሚጽፍ ልጅ አይደለም። ፍሮስት በ1965 ይፈልጉት የነበረው ያው የኋላ ወንበር ልጅ ነው፤ እንደ ኦፕራ መምህር አንድ ሰው ካልጠቆመው በራሱ አይመጣም።

መንግሥት ከዚህ ተነስቶ በ2006 እንዲህ ያሉትን ልጆች እንዲመዘግቡ ፕሮጀክቶቹን አዘዘ፤ አብሮም አዲስ የዕጣ ጥናት አቀደ። ለጥናቱ ሲባል አስተባባሪዎች ሊያስተምሩ ከሚችሉት እጥፍ ልጆች መልምለው ግማሹን እንዲመልሱ ሊደረግ ነው። ጩኸቱ በረታ። ተስፋ የሌለውን ልጅ ደጁ ድረስ ሄዶ ተስፋ ሰጥቶ ማምጣትና ከዚያ በዕጣ መመለስ፣ ያውም አውቆ። በ2008 ምክር ቤቱ እንዲህ ያለውን ጥናት በሕግ ከለከለ። ዕውቀት አጣን ያሉ ተመራማሪዎች ነበሩ፤ ቅሬታቸው ይገባኛል፤ ሕጉን ግን እደግፋለሁ።

የጥናቱ የመጨረሻ ሪፖርት በወጣበት በ2009፣ ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ ሆዜ ኸርናንዴዝ በዲስከቨሪ መንኮራኩር ወደ ጠፈር ወጣ። ናሳ አሥራ አንድ ጊዜ መልሶት በአሥራ ሁለተኛው ነው የተቀበለው። አንድ ሰው ጥናት አያፈርስም፤ ጥናቱም እሱን አያፈርሰውም።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ በአመዛኙ የወረቀትና የበጀት ነው። በ2017 የትምህርት መሥሪያ ቤቱ በደርዘን የሚቆጠሩ የአፕዋርድ ባውንድ ማመልከቻዎችን ሳያነብ መለሰ። የኦሃዮው ዊተንበርግ ዩኒቨርሲቲ ጥፋት 65 ገጽ ከሆነው ማመልከቻው ሁለት ገጾች ላይ የመስመሮቹ ክፍተት ከታዘዘው ጠበብ ማለቱ ነው። በሁለት ምትክ አንድ ተኩል። ለአሥርት ዓመታት የቆየ የልጆች ፕሮግራም በዚህ ሊዘጋ ነበር። የምክር ቤት አባላት ከሁለቱም ፓርቲ ተቆጥተው ተነሱ፣ ማመልከቻዎቹም እንዲነበቡ ተደረገ። በ2025 የቀረበው የፕሬዚዳንቱ የበጀት ሐሳብ ደግሞ ትሪዮን ሙሉ በሙሉ የሚሰርዝ ነበር። ሥራቸውን ያጡ እንደሆነ ሳያውቁ የቅዳሜውን ትምህርት የሚያዘጋጁ አስተባባሪዎች በየግቢው አሉ።

ቅጹም አለ። ከስምንተኛ ክፍሏ እናት ፊት የተዘረጋው ቅጽ፣ ልጁ ትምህርቱን እስከ የት እንደሚገፋ የሚጠየቅበት መስመር ላይ ደርሷል። ልጁ እስክሪብቶውን ይዞ ዝም ብሏል።

«ምን ልበል?» ይላል።

«አንተ ምን አልክ?»

«አላውቅም እማዬ።»

እናት ወንበር ስባ ከጎኑ ትቀመጣለች።